የጡት ወንድም

ባለፈው ዓርብ ኮልፌ መብራት ጠፍቶ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ከዓለም ባንክ ሰፈር በሚኒባስ መጥቼ፣ ጁምዓ ሰግጄ፣ ጫማዬን አጥልቄ ስወጣ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝና እግሬ አልሄድ አለ። ውሃ የተረጨ ሱፍ ላይ የከሰል ካውያ ሲያርፍበት የሚወጣው ሽታ ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለች ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት አንድ ጎረምሳ መብራት መጠበቁ ታክቶት፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ የከሰል ካውያ አቀጣጥሎ ሱሪ ይተኩሳል። ደጃፉ ላይ ተገትሬ ሲያየኝ «አባባ፣ የሚያሳጥሩት ሱሪ አለ?» አለኝ። ምን ልበለው? ሽታ ላሸት ነው የቆምኩት ይባላል? ጨርቅ ጣል አድርግበት፣ እንዲህ በቀጥታ ስትተኩሰው ያብለጨልጭብሃል ብዬው ሄድኩ። ሄድኩ አልኩ እንጂ የት እሄዳለሁ። እግሬ ወደ ፌርማታው ወረደ፣ ልቤ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ያኔ ኮልፌ እንዲህ አልነበረም ስል ልጆቼ «አባዬ ደግሞ ያኔውን ጀመረ» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያኔ ባሕር ዛፉ እስከ አጥራችን ድረስ ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ሰው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ እስከ አስፋልቱ ወርዶ፣ እግሩን ተለቃልቆ ነው አውቶቡስ የሚጠብቀው። ትንሿ ሰይቼንቶ ታክሲ ጭቃውን ስለምትፈራ ከአስፋልቱ ንቅንቅ አትልም። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ጓደኛውን ሻይ ጋብዞ፣ ፓስቲ ተካፍሎ፣ ጌታ ሆኖ ይወጣል። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፣ መንገድ ዳር፣ አንዲት በር ባላት ቤት። ቤልቦተም ሱሪ የመጣ ጊዜ መቼም አይረሳኝም። ፀጉራቸውን አፍሮ ያጎፈሩ ጎረምሶች ተትሮን ጨርቃቸውን ይዘው ይመጡና «ሸምሱ፣ ከላይ ጥብቅ፣ ከታች ልቅቅ» ይሉኛል፤ ከጉልበት በታች የሚገባው ጨርቅ ለአንዲት ሕፃን ቀሚስ ይበቃ ነበር። ማዶ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ዘፋኙ ስለ አንዲት ሴት ዓይን ሲያለቃቅስ የስፌት መኪናዬን ፔዳል በዘፈኑ ልክ እረግጣለሁ፤ አባቴ ብቅ ሲል ደግሞ ምቱን አበላሻለሁ። ጃንሆይ ሲያልፉ እጅ ይነሳል፣ ተማሪዎች ጮኹ የሚባለው ወሬ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ቀዝቅዞ ነው። ዒድ እንኳ ያኔ የመንግሥት በዓል አልነበረም። ጠዋት ሰግደን፣ ተቃቅፈን፣ ከሰዓት ሱቃችንን ከፍተን እንሠራ ነበር።

የምንኖረው ሦስት ቤት ያለው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አንዱ የእኛ ነው፣ የእኔና የአባቴ። እናቴ ገና ነፍስ ሳላውቅ ነው የሞተችብኝ። ሁለተኛው የእማማ ዘሀራ ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ መርካቶ ቅቤ የምትሸጥ ብርቱ ሴት፣ ያለቻት አንድ ልጅ ሩቂያ ናት። ሦስተኛው የእትዬ ደብሪቱ ነው። እትዬ ደብሪቱ ክርስቲያን ናት፣ ጾም የማትገድፍ፣ ባሏ ዘበኛ፣ ልጆቿ ብዙ። በዚያ ግቢ ከሥጋ በቀር ሁሉም ነገር የጋራ ነበር። እሷ ቤት የታረደውን እኛ አንበላም፣ እኛ ቤት የታረደውን እሷ አትበላም። ድስትና ቢላ እንኳ እንዳይቀላቀልብን ከእኛ ይልቅ የምትጠነቀቀው እሷ ነበረች። በሥጋ በኩል ሁሉም ሰው ንቁ ነው። ወተቱን ግን ማንም አላሰበው።

እናቴ እኔን ወልዳ ጡቷ አብጦ ትኩሳት ሲጥላት እትዬ ደብሪቱ ከበኩር ልጇ ጋር አጠባችኝ። ይህን አባቴም ያውቃል፣ ሰፈሩም ያውቃል፣ ነውርም አልነበረም። እኔ ራሴ እርስዎ ብያት አላውቅም። እናቴን ብትኖር አንቺ እንደምላት አንቺ እላታለሁ፣ እሷም ሸምስዬ ትለኛለች። ክርስቲያኗ እናትህ እያሉ የሚቀልዱብኝ ነበሩ። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ እናት የሌለው ሰው እናትን በየት አገኘኋት ብሎ አይጠይቅም።

ሩቂያን መቼ እንደወደድኳት አላውቀውም። አብራኝ ያደገች ናት፣ ምላሷ እንደ መርፌ የሚወጋ። ድሮ የማውቃት ልጅ አንድ ቀን የመርካቶ ዘንቢሏን ተሸክማ በሱቄ በር ስታልፍ ልቤ ስንጥቅ አለ፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሰው አልሆንኩም። ቀሚስ ልስፋልሽ አልኳት። ሜትሩን በገላዋ ላይ ማሳረፍ ስለማይሆን ቆማ ሳለች በዓይኔ ለካኋትና ቆረጥኩ። ስትለብሰው ልክክ አለ። «ዓይንህ ሜትር ነው እንዴ?» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያ ቀልዳችን ሆኖ ቀረ። የሰፋሁላት ልብስ ሁሉ በዓይን ነው፣ አንዴም ጠበበኝ ሰፋኝ ብላ አታውቅም። አባቴ ታዲያ ያን ሰሞን ነገሩ ገብቶት ነው መሰል ስለ ነፍስያ ያበዛብኝ ጀመር። ሰው ትልቁን ትግል የሚታገለው ከገዛ ነፍስያው ጋር ነው፣ ጠላትህ ውስጥህ ቁጭ ብላ ከማዕድህ ትበላለች ይለኛል። እኔ ያኔ ነፍስያ ማለት ከጠላ ቤት የሚመጣው ሽታና የሲኒማው ማስታወቂያ ላይ ያለችው ሴት ትመስለኝ ነበር። እሷን ደግሞ አሸንፌያታለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ኧረ ወዲያ፣ ምን አውቄ።

ሽማግሌ ተላከ፣ እማማ ዘሀራ እሺ አለች፣ ኒካሁ ከረመዷን በኋላ እንዲሆን ቃል ታሰረ። የቃል ማሰሪያው ዱዓ የተደረገው በእኛ ቤት ነው። ሼህ ሙዘሚል፣ ቁርኣን ያስቀሩኝ፣ ቁጣቸውም ደግነታቸውም የሚፈራ ሰው፣ ዱዓውን አድርገው ተምር እየተበላ፣ ሻይ እየተጠጣ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ነጭ ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እሷ ግን ብቅልም አላስፈለጋት፣ ደስታዋ ብቻ አወጣው። ብድግ አለችና እልል ብላ፣ እኔንም በመጋረጃ ውስጥ ያለችውንም ሩቂያን በእጇ እያመለከተች፣ «እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኳቸው፤ ሸምስዬን በዚህኛው፣ ሩቂያዬን በዚያኛው ጡቴ፤ ዛሬ ሁለቱ ልጆቼ ሲጋቡ አየሁ» አለች።

አባቴ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሼሁ ተምሩን እንደያዙ ቀሩ። እማማ ዘሀራ ከመጋረጃው ውስጥ ወጥታ ልጄን አንቺ የት አውቀሽ ነው ያጠባሻት አለቻት። እትዬ ደብሪቱ ነገሩ የክርስቲያን ጡት በመሆኑ የከፋቸው መስሏት ደነገጠችና ትቀባጥር ጀመር። እማማ ዘሀራ አንድ ክረምት ሕፃኗን ሩቂያን ጡጦ አስይዛ እየተወችላት ወደ መርካቶ ስትወርድ፣ ልጅቷ የላም ወተቱን እየተፋች ታለቅሳለች፤ እትዬ ደብሪቱ ምን ታድርግ፣ ከራሷ ትንሽ ልጅ ጋር ደረቷ ላይ አደረገቻት። ደስ አይላቸውም ብላ ነው ለማንም ያልተናገረችው። እማማ ዘሀራ ማታ ስትመለስ ልጇ ጠግባ ተኝታ እያገኘች ያንን የላም ወተት ስታመሰግን ኖራለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያን ቀን የመርካቶ ቅቤ ነጋዴ ሁሉ ቢሰበሰብ አይጠግነውም ነበር።

በማግሥቱ ሼህ ሙዘሚል አስጠሩኝ። ነገሩን እንደ ልጅ አስረዱኝ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከአንዲት ሴት አምስት ጊዜ ጠግቦ ከጠባ የእሷ ልጅ ነው፤ ከዚያው ጡት የጠባች ሁሉ እህቱ ናት፤ በሁለቱ መካከል ኒካህ እስከ ዕለተ ሞት አይታሰርም። እኔ የእትዬ ደብሪቱን ጡት ጠግቤ ማደጌ የታወቀ ነው፣ ክርክር የለውም። ጥያቄው የሩቂያ ነው። ሼሁ እንዲህ አሉኝ፦

«ሸምሱ፣ የአንዲት ሴት ቃል፣ ያውም የዲናችን ያልሆነች፣ በእኔ ዘንድ ኒካህ አይከለክልም። አስርልሃለሁ፣ ማንም አይወቅሰኝም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። አንተ ታምናታለህ? ካመንካት እኔ ባስርልህም እህትህ ናት። ይህን እኔ አልፈርድልህም። ለዓርብ መልስ ይዘህ ና።»

ሩቂያን በግቢያችን የውሃ ጉድጓድ ዘንድ አገኘኋት። ውሃ ትቀዳለች፣ ፊቷ በለቅሶ አብጧል። አንተ ሄደህ እትዬ ደብሪቱን ጠይቃት፣ ከአንተ አፍ የወጣውን እቀበላለሁ አለችኝና ባልዲዋን አንስታ ገባች። እንግዲህ ሼሁም በእኔ ላይ ጣሉት፣ እሷም በእኔ ላይ ጣለችው። ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ነፍስያ ምን እንደሆነች ያወቅሁት። ለካ ነፍስያ የምትመጣው በጠላ ሽታ ብቻ አይደለም፤ ኪታብ ይዛም ትመጣለች። የእኔዋ ያን ሰሞን ቃዲ፣ የሸሪዓ ዳኛ፣ ሆነች። ኃጢአት ሥራ ብላኝ ብትሆን ኖሮ አውቃት ነበር፣ አዑዙ ቢላህ ብዬ እገፋት ነበር። እሷ ግን ሕጉን ተጠቀም ነው የምትለኝ። አንዲት ሴት ናት፣ ምስክር አይሞላም። ክርስቲያን ናት፣ ቃሏ አያስርህም። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ የትኛዋን ልጅ እንዳጠባች ተምታቶባት ይሆናል። ጡቱን አጉርሳት ይሆናል እንጂ ጠግባ ላትጠባ ትችላለች። ሼሁ ራሳቸው አስርልሃለሁ ብለዋል፣ አንተ ከሼህ ልትበልጥ ነው? መኪናዬን እየረገጥኩ እሰማታለሁ፣ እየሰገድኩ እሰማታለሁ። እጄ እንኳ ከዳኝ፤ የአንዱን ጎረምሳ ሱሪ ሁለቱንም እግር የግራ አድርጌ ሰፋሁት። ጾምኩ። ጾሙ ረሃብ ብቻ ሆነብኝ። ሱጁድ ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ የለመንኩትን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ያጠባችኝ ሴት ውሸታም እንድትሆንልኝ ነው አላህን የለመንኩት።

ዛሬ ወጣቶቹ ኡስታዞች በስልክ ውስጥ ስለ ነፍስያ ሲያስተምሩ እሰማለሁ። ጥሩ ይናገራሉ፣ አላህ ይጨምርላቸው። ዓይንህን ስበር፣ ጓደኛህን ምረጥ፣ ቀስ እያለች ትለቅሃለች ይላሉ። አንዱማ ዕድሜ ሲገፋ ነፍስያም አብራ ትደክማለች አለ። ሳቄ መጣ። ልጄ፣ ጉልበቴ ደክሟል፣ ዓይኔ ደክሟል፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተኝ ቆይቷል። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አርጅታ አላየኋትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ እትዬ ደብሪቱ ሄድኩ። ደጇ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ስታየኝ እንዝርቱን ጣለችና አፌን በቆረጠው፣ አፌን በቆረጠው እያለች ደረቷን ደቃች። ሰዎች የሕጉን ነገር ነግረዋት ከስታለች፣ እህል ከቀመሰች ቆይታለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ነፍስያዬ እያሸነፈችኝ ነው፣ እትዬ፣ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ታሸንፍ እንጂ፣ አለች፤ ነፍስ ካላሸነፈች ማን ሊያሸንፍ ነው፣ ሥጋ? ለእሷ ነፍስ ማለት ሰው የሚድንባት ነገር ናት፤ ክፉው ሥጋ ነው። ለእኔ ደግሞ ነፍስያ ማለት የምታጠፋኝ። በአንድ ግቢ ኖረን፣ ከጡቷ ጠብቼ፣ በዚያች ቃል ተለያየን። ላስረዳት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ተውኩትና የመጣሁበትን ጠየቅኋት። ሩቂያን ስንት ጊዜ አጠባሻት?

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠግታ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የሚከለክለው ስንት ነው?» አለችኝ።

«አምስት።»

«እንግዲያው ስንት ልበልልህ? ሦስት ልበል? ሁለት? ንገረኝ ልጄ፣ የፈለግከውን እላለሁ። ሼሁ ፊት ቀርቤ በእመቤቴ ስም እምላለሁ። እሷም እናት ናት፣ ታውቅልኛለች።»

እኔ የፈለግሁት ይኼው ነው። ለዚህ ነው የመጣሁት። ስሟን በከንቱ ከማትጠራት፣ ማታና ጠዋት ከምትማጸናት እመቤቷ ጋር በሐሰት ምላ ልትጣላልኝ ተዘጋጅታ ፊቴ ተቀምጣለች። ሁለት የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች፤ ብተፋት ሩቂያ ሚስቴ ናት። ግን ደግሞ የምፈራው መልስ በዚያው በጥያቄዋ ውስጥ መጣብኝ። ያጠባቻት ሦስት ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሦስት ነው ትለኝ ነበር። ስንት ልበል ብላ የጠየቀችኝ እውነተኛው ስለማይጠቅመኝ ነው። ነግራኛለች፣ አበቃ። ከዚህ ወዲያ አላውቅም ማለት አልችልም።

ነፍስያዬ አሁንም፣ ቁጥሩን በአፏ ተናገረች እንዴ፣ አልተናገረችም እኮ፣ አለችኝ። ወላሂ እንዲህ አለችኝ። እዚያው ደጅ ላይ በሁለት እጄ ጆሮዬን ይዤ እንደ ሕፃን ጮኬ አለቀስኩ። እትዬ ደብሪቱ ጭንቅላቴን ስባ ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዚያ ምንም አትበይ፣ ለማንም ምንም አትበይ አልኳትና ተነሳሁ።

ዓርብ ሼህ ሙዘሚል ፊት ቀረብኩ። አባቴ አለ፣ እማማ ዘሀራ አለች፣ ሩቂያ ከእናቷ ኋላ ቆማለች። ሼሁ ጥያቄያቸውን ደገሙልኝ። ሩቂያን አየኋት። እሷም አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ ልተረጉመው አልቻልኩም፣ በል እያለችኝ ይሁን አትበል እያለችኝ።

«አምናታለሁ» አልኩ።

ሼሁ እንባቸው ወረደ። እኝያ ቁጡ ሰው እጄን ይዘው አጽናኑኝ። አላህ የወሰደብህን በሌላ ይክስሃል፣ ሚስት ባታገኝ እህት አገኘህ አሉ። ከዛሬ ጀምሮ መህረሟ ነህ፤ ከእሷ ጋር መቀመጥ፣ እጇን መጨበጥ፣ መንገድ ይዘሃት መሄድ፣ ፀጉሯን ማየት ይፈቀድልሃል፤ ከባዕድ ወንድ እንደምትሸፈነው ከአንተ አትሸፈንም። ለማጽናናት ብለው ነው፣ አላህ ይዘንላቸው። ሰው የተከለከለውን ነገር በር ዘግተው ይከለክሉታል። እኔን ግን በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ግባ፣ ተቀመጥ፣ ብላ፣ ጠጣ፣ ብቻ አትመኝ አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የኖርኩት ኑሮ ይኼ ነው።

ሩቂያ ሞከረች። መጀመሪያ ሱቄ ድረስ መጣች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርጋ፣ ሹሩባዋ ይታያል። «ወንድሜ መሆንህን ልልመደው፣ አንተም ልመደኝ። አትራቀኝ ሸምሱ» አለችኝ። ዓይኔን የምለካው ጨርቅ ላይ ተክዬ እሺ አልኩ። እጇን ዘረጋች። መቀስ ይዣለሁ ብዬ አልጨበጥኳትም። ዓመት ሳይሞላ ከድር የሚባል፣ መርካቶ ብርድ ልብስ የሚነግድ፣ እግዜር የሰጣት የሚሉት ዓይነት ደግ ሰው አገባት። ያ ሰው እንደ ወንድም ወደደኝ። አማቼ እያለ በየዒዱ ይጠራኛል፣ ቤቴ ቤትህ ነው፣ ለሌላ የማልከፍተው በር ላንተ ክፍት ነው ይለኛል። እሄዳለሁ፣ በር ላይ ሰላም ብዬ፣ ለልጆቹ ከረሜላ ሰጥቼ፣ ሥራ አለብኝ ብዬ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜ ከድር ዕቃ ሊያመጣ ድሬዳዋ ሄዶ ሳለ ልጇ ታመመባትና ሐኪም ቤት ይዘኸኝ ሂድ ብላ ላከችብኝ። ወንድም አይደለሁ? ያኔ እኔም አግብቼ ነበርና ሚስቴን ሀሊማን ላክሁላት። ሀሊማ ስትመለስ፣ እህትህ ስትጨነቅ አንተ ቁጭ ብለህ ሱሪ ትሰፋለህ፣ ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለህ አለችኝ። ሀሊማ ከልቧ የኖረችልኝ ሴት ናት፤ አንድም ቀን ሙሉ ሰው ሆኜ አጠገቧ ተቀምጬ አላውቅም፣ እሷም ይህን እያወቀች ነው አላህ ዘንድ የሄደችው።

ዘመኑ ከዚያ ተገለባበጠ፣ ጃንሆይም ሄዱ፣ ቤልቦተሙም ቀረ፣ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ቤት ሆነ። እትዬ ደብሪቱ እስክትሞት ድረስ ባየችኝ ቁጥር አፏን በእጇ ትይዝ ነበር። ሼህ ሙዘሚልም ሞቱ፣ አባቴም። ከድርም ሞተ። ሰፈሩ ሁሉ እኔን ልበ ደንዳና ወንድም ብሎ ሲያማኝ ኖረ። ሩቂያ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። አንዴ ብቻ፣ ሁለታችንም ሸብተን፣ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ ሦስት በይ ብትላት ኖሮ እኔ አላህ ፊት አልከስህም ነበር አለችኝ። ለካ እትዬ ደብሪቱ ሁሉንም ነግራታለች። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ታውቅ ኖሯል። ተነስቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት ስነሳ ያቺን ቃል እሰማታለሁ። ትክክል ሠርቻለሁ? ሠርቻለሁ። ታዲያ ትክክል የሠራ ሰው እንዲህ ይሆናል?

ባለፈው ዓመት ክረምት ሞተች። ስኳር ነበረባት። የታላቁ ልጇ ስልክ ሲደውልልኝ «አጎቴ» ብሎ ድምፁ ተቆረጠ፤ ወዲያው ገባኝ። እኛ ሬሳ አናሳድርም፣ ታጥባ ተከፍና በዚያው ከሰዓት ኮልፌ መቃብር ደረስን። ዝናቡ ሊጥል አጉረምርሟል። ትንሹ ልጇ ጅማ ነው፣ አልደረሰም። ቃሬዛው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲቀመጥ አንዱ ሽማግሌ መህረም ይውረድ፣ ማን አለ አሉ። ልጇ ወረደ። አንድ ሰው አይበቃም አሉ። ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ወንድሟ እያለ ማን ሊወርድ ነው፣ ጋሽ ሸምሱ ይውረዱ አሉ። ደግፈው አወረዱኝ። ጉልበቴ እርጥቡ አፈር ላይ አረፈ። ልጇ በእግሯ በኩል፣ እኔ በራሷ በኩል ሆነን ተቀበልናት።

አንድም ቀን እጇን ጨብጬ አላውቅም። ስትመጣ ክንዴ ላይ ሙሉ በሙሉ አረፈች። ቀልላ፣ ልጅ አክላለች። ቢስሚላህ አልኩ። ማድረግ ያለብኝን አውቃለሁ፤ በቀኝ ጎኗ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ ማስተኛት፣ የከፈኑን ቋጠሮ መፍታት፣ ጉንጯን አፈሩ ላይ ማሳረፍ። ሁሉንም አደረግሁ። እና እዚያው፣ ሞት ባለበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ልጇ ፊት፣ ደስ አለኝ። አላህ ይማረኝ፣ ደስ አለኝ። ነፍስያዬ አብራኝ ወርዳ ኖሮ፣ ይኸው በሐላል ያዝካት አለችኝ። ከላይ ሰው ከቁርኣኑ ያሲንን ይቀራል፣ አካፋ ተዘጋጅቷል። ልጇ ቀድሞ ወጣና አጎንብሶ እጁን ዘረጋልኝ።

«አጎቴ፣ በቃ ይውጡ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለ።

አልሰጠሁትም። ገና አልለቀቅኳትም ነበር።